ቡላ ውሃ እስኪጠጣ

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሆሳዕና ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ማርቆስም አስተማሪ ነው። አምስት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለችን፤ ታደለች ትባላለች። ጤና፣ ሥራና ትዳር ሳይጎድለኝ አንድ ክፉ አመል ግን ነበረብኝ። የሰው ግቢ አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም፤ እቀናለሁ።

ከሁሉም በላይ የምቀናው በወይዘሮ አስካለ ግቢ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ባለቤታቸው ዳኛ ሆነው ተሹመው ከሰሜን የመጡ፣ ደግና ቀጥተኛ ሴት ናቸው። ጽጌረዳቸው በገመድ ተለክቶ የተተከለ ነው፤ የመደቡ ድንጋይ ኖራ ተቀብቷል። የእኔ ግቢ ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ ነው፦ ከፊት ሣር፣ ከጓሮ እንሰት። በዚያ ላይ ቡላ አለ።

ቡላ ውሻችን ነው። ታደለች ስትወለድ አማቴ፣ የማርቆስ አባት፣ ከዶዮገና በቅርጫት ይዘውት የመጡት ቡችላ ነበር። ቀለሙ ነጣ ስላለ ከእንሰት በሚወጣው ቡላ ሰየምነው። ሥራው አጥር አጥሩን መዞር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ሣሩን ጨርሶ፣ በአጥሩ ሥር ዙሪያውን ራቁቱን የቀረ ቀጭን መንገድ አውጥቷል። እንግዳ ሲመጣ በዚያ መንገድ አፍር ነበር።

ክረምቱ ገባና ማርቆስ ለመምህራን የክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። እኔም ሲመለስ ላስደንቀው ቆረጥኩ። ወይዘሮ አስካለ የጽጌረዳ ቁርጥራጭ ሰጡኝና፣ «ጽጌረዳ የሚያምረው አጥር ሥር ነው» አሉኝ። ዶማ ይዤ የቡላን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ቆፈርኩት። ተከልኩ፤ ፍግ አለበስኩ። ቡላ በማግስቱ እንደ ልማዱ በላዩ ላይ ሄደበት። ደግሜ ተከልኩ። ደግሞ ሄደበት። ለወይዘሮ አስካለ ባለቅስላቸው፣

«ውሻና አበባ አንድ ግቢ አይኖሩም፤ አንዱን ምረጪ» አሉኝ።

አበባውን መረጥኩ። የአጋም ቅርንጫፍ ከነእሾኩ በቢላ እየቆረጥኩ፣ እንደ ችካል በየአበባው መሐል ተከልኩ። ቡላ እሾኩ ሲወጋው ቢሸሽ ምንኛ መልካም ነበር! እሱ ግን ችካሉን በጥርሱ እየነቀለ ያኝከዋል። እኔ እተክላለሁ፣ እሱ ይነቅላል። እልህ ተጋባን። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በአጭር ገመድ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው የአጥር ምሰሶ ጋር አሰርኩት። የሚደርስባቸውን ችካሎች ግን እዚያም ሆኖ ማኘኩን አልተወም። ከዚያ ወዲያ ቀን ከሌት ሲያላዝን «ይለምደዋል» እያልኩ ጆሮዬን ደፈንኩ።

ሰኞ ጧት ከጓሮ ልብስ ሳጥብ የታደለችን ጩኸት ሰማሁ። እናት የልጇን ጩኸት ለይታ ታውቃለች፤ ያ ጩኸት የወደቀ ልጅ ጩኸት አልነበረም። ሮጬ ስደርስ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ቆማለች። ደሙ በክርኗ ይወርዳል። ጣቶቿና መዳፏ ላይ ጥርስ ገብቷል። ቡላ ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ከአፉ አረፋና ለሃጭ ይዝረበረባል።

አንስቻት ወደ ጤና ጣቢያው በረርኩ። ድሬሰሩ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጠቡት፣ ደጋግመው አጠቡት፤ ሳያስፈልግ የሚያጥቡ እስኪመስለኝ ድረስ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ውሻው የማን ነው?»

«የእኛ ነው።»

«እንዴት ነው? ይበላል? ይጠጣል?»

«ከትናንት ጀምሮ ምግቡን አልነካም። አሁን ሳየው አረፋ ይደፍቃል።»

እጃቸው ቆመ። ካንድ ወር በፊት ገበያው አጠገብ አንድ ያበደ ውሻ ተገድሎ እንደነበር እኔም ሰምቼ ነበር፤ ስንቱን ነክሶ እንደተገደለ የሚያውቅ አልነበረም።

«ስሚኝ የኔ እህት» አሉ አቶ ደምሴ። «ለዚህ የሚሆነው መርፌ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። መንገዱ ደግሞ በጎርፍ ተቆርጧል፤ መቼ እንደሚከፈት እግዜር ይወቅ። ቴሌግራም እልካለሁ፣ መኪናም እለምናለሁ። እስከዚያ ግን ውሻውን እንዳትገድሉት። እያየነው አስር ቀን በጤና ከቆየ፣ ልጅሽን ሲነክሳት በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው።»

«ከሞተስ?»

«ካበደና ከሞተ መርፌውን ቶሎ ማግኘት አለብን።»

«ካላገኘንስ?»

ታደለችን አገላብጠው ሳሟትና በፋሻው ላይ ሌላ ፋሻ ጠቀለሉ።

ወደ ቤት ስመለስ በሬ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አቶ ሎምቤ ጦር ይዘዋል፤ ሌሎቹ ዱላና ድንጋይ። ታደለችን ለአንዲት ሴት አቀብዬ በቡላና በእነሱ መሐል ገባሁ። ቡላ ሲያጉረመርም ከኋላዬ እሰማዋለሁ፤ ከፊቴ የጦሩ ጫፍ አለ።

«ዞር በይ! አብዷል!» አሉ አቶ ሎምቤ።

«አትግደሉት!»

«ልጅሽን የበላ ውሻ ነው እኮ! ምን ነክቶሻል?»

«እሱ ከኖረ ነው ልጄ የምትኖረው! እሱ ከሞተ በምን አውቃለሁ?» ብዬ ጮህኩ። ንግግሬ ራሴንም የእብድ ንግግር መሰለኝ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደግነቱ አቶ ደምሴ ከኋላዬ ሰው ልከው ኖሮ፣ ያም ሰው ያልኩትን ደገመላቸው። በሩ እንዲዘጋ፣ ገመዱ እንዳይፈታ ተማምለው ዱላቸውን ይዘው አጥሩ ዙሪያ ቆሙ። ቡላ ውሻዬ መሆኑ ቀርቶ የልጄ የሕይወት ወረቀት ሆነ።

ለአማቴ ወደ ዶዮገና በሚመለሱ ገበያተኞች መልእክት ላኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ። ወይዘሮ አስካለ ጠበል ይዘው መጡ። እኛ ጴንጤዎች ጠበል አንቀበልም፤ እኔ ግን በዚያ ቀን የመጣልኝን ሁሉ ተቀበልኩ። ዲያብሎስም መድኃኒት አለኝ ብሎ በሬን ቢያንኳኳ መጀመሪያ መድኃኒቱን ነበር የማየው።

ማክሰኞ ጧት ውሃ በጣሳ አድርጌ በረጅም እንጨት ወደ ቡላ ገፋሁለት። ጠምቶታል፤ ዓይኑ ይናገራል። ቀረበ፣ አፉን ነከረ። ወዲያው ጮኸና ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ወደ ኋላ ሸሸ። እንደገና ቀረበ፣ እንደገና ጮኸ። ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ፣ «ውሃ ፈራ» አለ። ሌላው ተቀበለው። «ውሃ ፈራ፣ ውሃ ፈራ» እየተባለ ቃሉ አጥሩን ዞረ። ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚፈራ በአገራችን የማያውቅ የለም።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ታደለች አልጋ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ትጫወታለች። ውሃ አምጥቼ «ጠጪ» አልኳት። ጠጣች። ጉሮሮዋን አየሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አመጣሁ። «እማዬ፣ አልጠማኝም» አለች። «ጠጪ!» ብዬ ጮህኩባት፤ አለቀሰችና ጠጣች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንዲህ ቆየን። ስትውጥ እፎይ እላለሁ፣ ጣሳውን ሳስቀምጥ ፍርሃቱ እንደገና ይጀምረኛል። ባልም፣ ወገንም፣ መንገድም የሌላት ሴት ሆኜ ግድግዳው ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ እኔን» እያልኩ ለመንኩ።

አማቴ የደረሱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በእነሱ በከምባታዎቹ ወግ ምራት የአማቷን ስም አታነሳም፣ እኔም ሀዲያ ብሆን የገባሁበትን ቤት ወግ ጠብቄ ኖሬአለሁ። አባባ ነው የምላቸው። ታደለችን አቅፈው ሳሙ፣ ከዚያ ወጥተው በቡላ ፊት ቁመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ስለ በሽታው ምንም ሳይጠይቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ውሻ መንገድ ነበረው። የት ሄደ?»

«አበባ ተከልኩበት፣ አባባ።»

«ከታሰረ ስንት ቀኑ ነው?»

«አምስት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የታሰረ ውሻ ሁሉ እብድ ይመስላል። ሰውም ቢሆን አምስት ቀን እሰሪው፣ ያብዳል። ካልፈታነው አናውቅም።»

«ቢወጣብንስ?»

«እንዳይወጣ አርገን ነዋ።»

ረቡዕ ሲነጋ ሥራ ተጀመረ። አቶ ሎምቤ ጦራቸውን አስቀምጠው ቀርከሃ አመጡ፤ የአጥሩ ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ። አባባና እኔ ጽጌረዳዎቼን ነቀልናቸው። የሚያምር እምቡጥ ያለው እጄ ላይ ሲወድቅ ትንሽ እንኳ አላዘንኩም፤ አረም ስነቅል እንኳ ይህን ያህል ቸኩዬ አላውቅም። ችካሎቹን ሁሉ አውጥተን አንድ ጥግ ከመርናቸው። የአጥሩን ሥር አስተካክለን እንደ ድሮው መንገድ አደረግነው። እንሰቱ ጥላ ሥር ውሃ በገበቴ አኖርን። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ አባባ አፈር አለስልሰው ከመሩ።

«ይሄ ለምንድነው?» አልኳቸው።

«ለመቆፈሪያ። ውሻ ይቆፍራል። ቦታ ካልሰጠሽው ቦታ ይመርጣል።»

ከዚያ ሁላችንም ቤት ገባን። አባባ በመስኮት በኩል፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰሩት ማጭድ ገመዱን ቆረጡት። ቡላ መፈታቱ ወዲያው አልገባውም። ቆየና ሰውነቱን አራገፈ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደና መንገዱን ያዘ። ጥጉ ላይ ቆመ፣ አሸተተ፣ እግሩን አነሳ። ቀጠለ። በሁለተኛው ጥግ ቆመ፣ አሸተተ። ሦስት ጊዜ ዞረ። በእንሰቱ ጥላ ሥር ተኛና በፊት እግሩ አፉን መቧጨር ጀመረ።

«አየሽ?» አሉ አባባ። «ያበደ ውሻ መንገዱን አያውቅም። ፊቱ እንደመራው ይሄዳል እንጂ ጥግ ላይ አይቆምም። ይሄ ቤቱን ያውቃል። የታመመው አፉን ነው።»

የቆዳ ቁራጭና ጆንያ አንስተው ክንዳቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«አባባ፣ ቢሳሳቱስ? እርስዎንም ላጣ ነው? ልጅቷ የኔ ናት፤ እኔ ልውጣ።»

«አንቺ የምታሳድጊያት አለችሽ። እኔ አሳድጌ ጨርሻለሁ።»

«አባባ!»

«በሩን ዝጊው» አሉኝ፤ ወጡ።

በመስኮት አየኋቸው። ጎንበስ ብለው በከምባትኛ ቀስ እያሉ እየጠሩት ቀረቡት። ቡላ ጆሮውን አጣፈና ጅራቱን መሬት ላይ መታ። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ራሱን ዳበሱት። በጆንያው የተጠቀለለውን ክንዳቸውን መንጋጋው መሐል አስገብተው አፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። በሌላው እጃቸው ጎትተው አንድ ነገር ሲያወጡ ቡላ እንደ ሰው ጮኸ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባባ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ቡላ ደግሞ ገበቴው ላይ ተደፍቶ ውሃ ይጠጣል። ምላሱ ውሃውን ሲመታ እስከ ቤት ድረስ ይሰማል። ያን የመሰለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ከአጥሩ ውጭ ያሉትም ሰሙት።

አባባ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጣት የማያህል እንጨት ነው፤ ከላይኛው ጥርሶቹ መሐል ላንቃውን አቋርጦ ተሰንቅሮ ነበር። አጋም ነው። አንዱ ጫፉ በቢላ ሰያፍ ተቆርጧል። አባባ እንጨቱን አዩ፣ ጥግ የከመርናቸውን ችካሎች አዩ፣ እኔን አዩ። ምድጃው ውስጥ ጣሉትና ውጭ ላሉት ሰዎች፣ «አጥንት ነው፤ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» አሏቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ደምሴ ግን፣ «ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አስሩ ቀን አስር ቀን ነው» አሉ። ስለዚህ መጠበቁ ቀጠለ። እንጨቱ ወጣ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም እያልኩ በየጧቱ ገበቴውን እያየሁ ውሃው ስንት ጣት እንደጎደለ እለካ ነበር። አባባ እጄ ሥራ ካልያዘ እንደማብድ ሳይገባቸው አልቀረም፤ በየቀኑ ግቢውን ያሠሩኝ ጀመር። መጀመሪያ የቡላ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ጠንከር ያለና ቢረገጥም የሚነሳ ተክል፣ ስሱ አበባ ደግሞ መሐል ላይ በድንጋይ ከፍ ባለ መደብ። ቡላ እየዞረ እኛ እየተከልን፣ እሱ የረገጠውን እኛ እየተውን፣ ግቢው በሦስታችን ተሠራ።

በአስረኛው ቀን አቶ ደምሴ በሩን ከፍተው ሲገቡ ቡላ በመንገዱ እየበረረ ደርሶ ጮኸባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳቁ። እኔ መሬቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ነው።

እናንተ አንባቢዎች፣ ግቢ ልትሠሩ ገመድ የምትዘረጉ ሁሉ፣ የአንዲት አሮጊት ቃል ስሙ። ውሻ ካላችሁ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ እዩት። የት ይሄዳል፣ የት ይተኛል፣ የት ይቆፍራል? ያንን ስጡትና የተረፈውን ትከሉ። የሰው ግቢ አይቼ መቅናቴን በዚያ ክረምት ተውኩት። ሕፃናትንም ከዚያ በኋላ ያስተማርኩት በሌላ ዓይን ነው፤ የሚያስቸግር ልጅ ሲገጥመኝ ከመቅጣቴ በፊት የዘጋሁበት መንገድ ይኖር ይሆን እላለሁ። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም፤ ግን እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተውኩም፤ ምስጢሬን። አባባ ዋሽተውልኝ ሞቱ። ማርቆስም አጥንት እንደሆነ አምኖ ሞተ። የልጄን እጅ ያስነከስኩት እኔ በገዛ ቢላዬ መሆኔን ለሃምሳ ዓመት ያህል በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ታደለች፣ አሁን ራሷ አያት የሆነችው ልጄ፣ ስትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ጠባሳውን አየሁና ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳት። እንጨቱን፣ ቢላውን፣ ችካሉን፣ ሁሉንም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እንጨት እንደነበር እኮ አውቃለሁ፣ እማዬ» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አይቼው ነበራ። አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ አየሁት። ላወጣለት እጄን ሳስገባ ነው የነከሰኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ሁላችሁም ‹የት ነከሰሽ?› አላችሁኝ» አለች። «‹ምን ልታደርጊለት ነበር?› ያለኝ ሰው አልነበረም።»